ያለ እኔ እጅ የማይነሳው ዲስክ

አላህ ይዘንላቸውና አያቴ ከማሽላው ማሳ ተመልሰው እግራቸውን እንደታጠቡ፣ አክስቴ ከጅዳ የላከችው ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጡ ነበር። የመንዙማ ዲስካቸውን ያስገባሉ፤ አይነሳም። በጎረቤት ሁሉ ዲስክ እንደገባ በራሱ ይጀምራል፤ የእኛው ብቻ ዝም። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፦ «ነይማ ቀስቅሺልኝ፤ ይኼ ነገር ያላንቺ እጅ አይነሳም።»

ከክፍሌ ወጥቼ ማይ ኮምፒዩተርን እከፍትና ዲስኩን ሁለቴ ጠቅ አደርገዋለሁ። መንዙማው ሲጀምር «አብሽሪ» ብለው ጎናቸው ያስቀምጡኛል፤ እስኪያልቅ መነሳት የለም። ቆቦ ውስጥ ይኼን ጉራ ያልነዛሁበት ጓደኛ የለኝም።

አያቴ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን የኮምፒዩተር ጠጋኝ «እስቲ ይኼን ብልሽት እይልን» አልኩት።

«ምኑ ተበላሸ?» አለኝ እየሳቀ። «በራሱ መጀመሩን አጥፋልኝ ያሉኝ አያትሽ ናቸው። 'ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፤ በምን ሰበብ ልጥራት?' አሉኝ።»

ተናደድኩ፤ አሁንም አልበረደልኝም። እኔ በሙያዬ ስኩራራ እሳቸው በሆዳቸው ይስቁ ነበር ማለት ነው። «ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» ማለት ምን ይከብዳል? አሁን ልጠይቃቸው ስለማልችል ነው ይኼን የምጽፈው።

ጠጋኙ አስተካክሎልን ሄደ። አሁን እናቴ ዲስኩን ስታስገባ መንዙማው ማንም ሳይጠራኝ ይጀምራል። እኔ ግን በሬን ከፍቼ ነው የምቀመጠው።