በሞቴ የማይባልበት አገር

ካሊፎርኒያ ካለችው ኦክላንድ የወጣሁ ዕለት ማታ ጎረቤቴ ጋሽ ግርማ በታክሲያቸው ኤርፖርት ሊያደርሱኝ መጡና፣ ሻንጣዬን ካነሱ በኋላ መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ፤ የት ነው የምትሄጂው?»

«ቦሊቪያ።»

«ደመወዙስ?»

«ደመወዝ የለውም ጋሼ፤ ቮለንቲር ነው። ዘጠኝ ወር። ከሥራዬ ሊቭ ወስጃለሁ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እኛ ሱዳን በረሃ ተንከራተን የገባንበትን አገር አንቺ ለነጻ ሥራ ጥለሽው ልትሄጂ? ሰው ከመከራ ይሸሻል እንጂ ትኬት ቆርጦ ይከተለዋል?»

«ትኬቱን እንኳ የቆረጡልኝ እነሱ ናቸው» አልኳቸው። አልሳቁም። ሻንጣዬን ጭነው ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ አሻገሩኝ። ኤርፖርት ሲያወርዱኝ ግን፣ «ካልተመቸሽ ኮል አድርጊልኝ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ» አሉኝ። ቦሊቪያን የጎረቤታችንን ከተማ ሪችመንድን አደረጓት እኮ!

አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ሁለት ሥራ የምትሮጡትም፣ ምን ነክቷት ነው እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሳን ሆዜ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነኝ፤ ስፓኒሹንም እዚያው ከባልደረቦቼ ለቃቅሜዋለሁ። ሱዳን ካምፕ ሳለሁ ወባ ሊገድለኝ ሲል አንዲት ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተለየችም። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች። ለእሷ ማመስገኛ ካጣሁ ለሌላ ላድርገው አልኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ላ ፓዝ ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ የስደተኛ የጉዞ ሰነዴን አገላብጦ አገላብጦ አየው።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ?»

«አዎ።»

«ስደተኛ?»

«አዎ።»

«ከካሊፎርኒያ የመጣሽው ደግሞ... እኛን ልትረጂ?»

«አዎ።»

ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም ሰነዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «እንዲህ ሆነናል?» አለ ጓደኛው አዝኖ፤ ማህተሙንም መታልኝ።

የተመደብኩባት መንደር ከደብረ ብርሃን የባሰ ብርድ ያለባት ሜዳ ናት። ገብስ አለ፣ ባሕር ዛፍም አለ። በበግ ፈንታ ደግሞ አንገቷን እንደ ግመል ያቆመች ላማ የምትባል እንስሳ አለች። አብረውኝ የመጡት አሜሪካውያን ገና ከተማው ላይ ከፍታው አዙሯቸው ሲያስታውኩ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ደረጃውን በሩጫ እወጣው ነበር። ከዚያ እነሱ ወደየመንደራቸው ተበተኑና ብቻዬን ቀረሁ። የመንደሩ ልጆች «ግሪንጋ! ግሪንጋ!» እያሉ ይከተሉኛል፤ ፈረንጅ ማለታቸው ነው። እኔን! መጀመሪያ ቀን ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕጻናቱን መዝግቤ ለኩፍኝ ክትባት ማዘጋጀት ነበር። ከተራራው ማዶ ባለው መንደር ኩፍኝ ገብቶ ልጆች እየሞቱ ስለነበር የሚቀለድበት ጉዳይ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቤት ሴትየዋ መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግታ ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከመረችልኝ፤ አጠገቡም ቹኞ የሚሉትን፣ ውርጭ ያደረቀውን ጥቁር ድንች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩ፤ እናቴ እንዳሳደገችኝ። ከዚያ ጠበቅሁ። አሁን «በሞቴ» ትለኛለች፣ እኔ «አይ፣ በእውነት» እላለሁ፣ እሷ «አፈር ስሆን» ትላለች፣ እኔም የግዴን መስዬ እጄን እሰዳለሁ። ሴትየዋ ግን ራሷን ነቀነቀችና ጨርቁን ከነድንቹ ጠቅልላ አነሳችው።

በሁለተኛው ቤት እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። መንደሩ ስምንት ቤት ነው፤ በስምንቱም «በልቻለሁ» አልኩ፣ በስምንቱም የሚለምነኝ ጠፋ። ክፍሌ ገብቼ ከኦክላንድ ያመጣሁትን ብስኩት እየቆረጠምኩ «ምን ዓይነት ንፉግ ሕዝብ ላይ ነው የጣለኝ!» ብዬ አማረርኩ።

የክትባቱ ቀን ዶክተሩ መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ ከከተማ መጣ። ጠረጴዛ አወጣን፣ ጥጥ አዘጋጀን። እስከ ቀትር ድረስ አንዲት እናት ዝር አላለችም።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ እመለሳለሁ» አለኝ ሳጥኑን እየዘጋ። «ያኔም ካልመጡ ክትባቱን ለሚፈልገው መንደር እሰጣለሁ። አንቺም ወደ አገርሽ።»

የትኛው አገሬ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ኦክላንድ ስመለስ ጋሽ ግርማ የሚሉኝን አስቤ አፈርኩ፤ ማዶ የሚሞቱትን ልጆች አስቤ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ወደ ዶኛ ኢላርያ ሄድኩ፤ ዶኛ እንደ እኛ «እማማ» ነው። የመንደሩ እናቶች አውራ ናቸው፤ እሳቸው ያላሉት አይሆንም።

«እናቶቹን ምን አድርጌያቸው ነው?» አልኳቸው።

«ስምንት ቤት እህል ቀረበልሽ፣ ስምንት ቤት መለስሽ። ድንቻችንን የተጸየፈች እጅ ልጆቻችንን በመርፌ ትንካ?»

«ኧረ አልተጸየፍኩም! በረሃብ ልሞት ነበር!»

«ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽ?»

«በእኛ አገር መጀመሪያ እንቢ ይባላል። ጨዋ ሰው እህል ሲያይ አይዘልም። ባለቤቱ ሁለቴ ሦስቴ ይለምነዋል፣ በሞቴ ይለዋል፣ ከዚያ ይበላል።»

«ካልለመኑትስ?»

«ተርቦ ይሄዳል።»

ዶኛ ኢላርያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ታዲያ እንዴት ሳታልቁ ቀራችሁ?» አሉኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ስለ አገሬ ረሃብ በሬዲዮ ያልሰማ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

«በይ ነገ ስምንቱንም ቤት ትዞሪያለሽ። የቀረበልሽን ትበያለሽ። የሚለምንሽ እንዳትጠብቂ።»

ዞርኩ። በአራተኛው ቤት ቀበቶዬን ፈታሁ፣ በስድስተኛው የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። በስምንተኛው ዶኛ ኢላርያ ራሳቸው ቹኞ አቀረቡልኝ። «እሺ» አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቹኞ አፈር አፈር ይላል፤ ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ዶክተሩ ሲመለስ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከእሱ በፊት ተሰልፈው ጠበቁት። መጀመሪያ የወጋሁት የዶኛ ኢላርያን የልጅ ልጅ ነው። እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ኩፍኙ ያቺን መንደር ሳይረግጥ አለፈ። እንዲያ ያለ እፎይታ አሜሪካ የገባሁ ቀን እንኳ አልተሰማኝም። ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ!

ዘጠኙን ወር ጨርሼ ስመለስ ጋሽ ግርማ ከኤርፖርት ቀጥታ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ገና ሳህን አንስተው «ትንሽ ቅመሺ» ከማለታቸው «እሺ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ባለቤታቸው ሳህኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ዳድ፣ ሺ ሴድ የስ!» አለች ልጃቸው።

«ምን አድርገው ነው የላኩብን!» አሉ ጋሽ ግርማ።

እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ደብረ ብርሃን ስልክ ካላቸው ጎረቤቶቿ ቤት ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሕጻን ሆነሽ ጎረቤት ዳቦ ሲሰጥሽ ቶሎ ስትቀበዪ ቆንጥጬሻለሁ።»

«ደህና አድርገሻል እማዬ።»

«እንግዲያው እኔም እንደ ድንቿ ሴትዮ አንዴ ነው የምልሽ። ነይ።»

የስደተኛ ሰነዴ ቦሊቪያ ያስገባል፣ ደብረ ብርሃን አያስገባም። የዜግነቱ ማመልከቻ ገና ነው።

«ነይ» አለች ደግማ።

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ነይ እንጂ ልጄ» አለች እናቴ፤ «በሞቴ!»