ወንዳወንድ የተባሉት እትዬ ራዚያ

እትዬ ራዚያ በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ ቆመው በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ይጨብጡና ወደ ላይ ያነሱታል። ቋ ሲል ይተዉታል። በሬዎቻቸውን ከበረት የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤታቸው ከእኛ ቤት በላይ፣ ሐይቁ በሚታይበት ተዳፋት ላይ ነው። በ1993 ዓ.ም. ባላቸው ሲሞቱ፣ ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት ሰፈር እርፉን ጨበጡ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ቢሰጡ ለሦስት ልጆች የሚበቃ እህል አይተርፍም ነበር። በዚያው ሳምንት ወንዳወንድ ተባሉ።

ቃሉ ከእሳቸው በፊትም ነበር። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሼህ ሙዘይን እንደሚሉት፣ ዱሮ ወንዳወንድ የምትባለው በሽማግሌ ፊት ቆማ ስለ መሬቷ የምትከራከር ሴት ነበረች። ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ስድብ። እኔ ደጋግሜ ስለው ግን የሚሰማኝ ሌላ ነው፤ ወንድ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፣ ሴት አንድም ጊዜ የለችበትም።

በሰፈራችን ባል የሌላትን ሴት ማሳ ወንዶቹ በደቦ ያርሱላታል። ሰኔ ሲገባ ተሰብስበው ተራ ያወጣሉ። እትዬ ራዚያ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተራ ደርሷቸው አያውቅም። ዘንድሮ ትከሻቸው እርፉን መጫን አቃተው። የጤፉ ማሳ ገና አንድ ጊዜ ብቻ ታርሷል፤ ሐምሌ ደግሞ ገብቷል።

ደቦውን የሚጠራው ጁማ በደጃቸው ሲያልፍ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር።

“ጁማ፣ ዘንድሮ የማንን ነው የምታርሱት?”

“የረቢያን፣ ከዚያ የአመተ ማርያምን።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እንተኛለና! ምነው፣ ሊያግዙን አሰቡ እንዴ?” ሳቀ። “አንቱ ወንዳወንዷ! እኛ ሲደክመን አንቱን ነው የምንጠራ።”

እሳቸውም ሳቁ። “ሂድ ወዲያ፣ አንተ ሰነፍ!”

ጁማ መንገዱን ሲታጠፍ እጃቸው ተመልሶ ትከሻቸው ላይ ወጣ።

“ለምን አልነገሩትም፣ እትዬ?” አልኳቸው።

“ይህን ሁሉ ዘመን ወንዳወንድ ስባል ኖሬ ዛሬ ምን ብዬ ልንገረው?”

የጻፍኩትን ሳነብላቸው ባላቸውም፣ በሬዎቹም፣ ስድቡም እንዳለ ይሁን አሉኝ። አንዲት ነገር ብቻ ሰርዢልኝ ብለው ለመኑኝ። ጁማ ማንበብ ይችላል፤ ሐምሌም ገና አላለቀም። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ እንጂ አልሰረዝኳትም። ያን ቀን ጁማ ካለፈ በኋላ መሬት መሬቱን እያዩ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦

“ደክሞኛል፣ ልጄ። አንድ ቀን እንኳ ቢያርሱልኝ።”