ዓሣ ዓሣ የሸተተው የመጻሕፍት መስቀያ

አናጢ ቤት የተቀጠርሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ ሞላ መሮና መዶሻ አስይዘው ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፊት አስቀመጡኝ። «ልጡን ላጠው፤ ቅራፊ እንዳታስቀር» አሉ። እኔ ግን ልጡ አማረኝና በአንድ ጎኑ ለጌጥ ተውሁት። ግንዱ በርጩማ ሆኖ ተሸጠ። በወሩ ደንበኛው በርጩማውን ተሸክሞ መጣ። ከልጡ ሥር የተደበቀው ነቀዝ ዱቄቱን ምንጣፉ ላይ ሲያራግፍለት ከርሟል። ጋሽ ሞላ፣ «ጌጥህ መጥቷል፤ ተቀበለው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከነቀዝ ጋር ደመኛ ሆንሁ። ባሕር ዳር ላይ የራሴን የአናጢ ቤት ስከፍት ናፍጣና ፀረ ተባይ በጥብጬ እንጨቱን ሁሉ እቀባ ጀመር። ነቀዙ ይሞታል፣ እኔ እስላለሁ፣ ደንበኛው ያመሰግናል። ራሴን የእንጨት ሐኪም እያልሁ እጠራ ነበር። ሌላ ሰው ግን እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ጣና ላይ ባለ አንድ ገዳም መጻሕፍቱን የሚጠብቁ አባት ናቸው። የብራና መጻሕፍቱ ከነቆዳ ማኅደራቸው የሚንጠለጠሉበት፣ ቅርንጫፉ እንዳለ የቆመ እንጨት ሥራልኝ አሉ። ሠራሁ፤ መድኃኒቴን ሁለት እጅ ቀባሁና በጀልባ ላክሁ።

በወሩ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ድመቷ ሞተችብኝ።»

«ምን አገኛት፣ አባ?»

«እንጨትህን ቧጠጠች፤ ከዚያ ጥፍሯን ላሰች። ሦስት ቀን ሳትሞላ ሞተች።»

ድመቷ የመጻሕፍቱ ዘበኛ ነበረች። እሷ ስትሞት አይጥ ገብቶ የድሮውን ድጓ ሦስት ቅጠል በላ። መሪጌታ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አፈርሁ። «ሌላ ድመት አምጥቻለሁ፤ ሌላ መስቀያ ሥራልኝ። መድኃኒት የሚባል ግን እንዳታስነካው» ብለው ሄዱ።

አዲሱን እንጨት ቆርጬ አመጣሁ። ያለ መድኃኒት ነቀዝ እንዴት እንደሚገደል ግን አላውቅም፤ የሐኪምነቴ ልክ ይኸው ነበር። ስልኬ ላይ ስፈልግ ብርድ እንደሚገድለው አነበብሁ። ትልቅ ማቀዝቀዣ ያላት ደግሞ ጣና ዳር ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤቴ እናኑ ናት። እንጨቱን ለሁለት ከፍዬ ወሰድሁላት።

«በላስቲክ ጠቅልለው እንጅ!» አለች።

«ላስቲክ ብርዱን ይከለክለዋል። እንጨት እኔ አውቃለሁ» አልኋት።

ሳምንት ሳይሞላ መብራት ለሁለት ቀን ጠፋ። በረዶው ቀለጠ፤ ቀረሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ውኃ በሙሉ እንጨቱ ውስጥ ገባ። የእናኑ ጎረቤት ነኝና አፍንጫዬ የዓሣ ሽታ ስለለመደ እኔ ምንም አልታወቀኝም። መብራቱ ሲመጣ ጥቂት ቀን አቆየሁና ገጣጥሜ ወደ ገዳሙ ይዤው ተሻገርሁ። ሑዳዴ ነበር።

መሪጌታ ቀረብ ብለው አሸተቱ። «በጾም ምድር ዓሣ ይዘህብኝ መጣህ?» አዲሷ ድመት በበኩሏ እንጨቱ ላይ ወጥታ መላስ ጀምራለች። አይጥ በአጠገቧ ቢያልፍ ዞር ብላ የምታይ አትመስልም። መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ እንጨቴን ተሸክሜ በዚያው ጀልባ ተመለስሁ። ቀዛፊው መንገዱን ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ነበር።

በዚህ ጊዜ ዕውቀቴን ትቼ ሥራ ጀመርሁ። በየቅርንጫፉ ሥር የቀረውን ልጥ ልጬ ጨረስሁ። በፈላ ውኃና በአቼቶ አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከዚያ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ቀትር ላይ ሲነኩት እጅ ያቃጥላል። ማታ ማታ ነጭ ወረቀት ላይ አቁሜ አድራለሁ። ጠዋት ወረቀቱ ላይ አዲስ ዱቄት ካለ ነቀዙ አልሞተም ማለት ነው። ለብዙ ቀን ነበረ። ከዚያ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ በቫርኒሽ ፈንታ ንጹሕ የንብ ሰም አሸሁትና ተሻገርሁ።

ድመቷ ወዲያው ወጣችበት፤ ቧጠጠች፤ ጥፍሯን ላሰች። መሪጌታ ሂድ ቢሉኝም ሦስት ቀን እዚያው ሰነበትሁ። ስትበላ አያለሁ፣ ስትተኛ ትተነፍስ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አዳምጣለሁ። አንድ ዲያቆን፣ «ድመቷን ነው የሚሳለሟት?» ብሎ ሳቀብኝ።

በአራተኛው ጠዋት አይጥ በአፏ ይዛ መጣችና ከመሪጌታ እግር ሥር ጣለችው። እሳቸውም ገቡና አይጥ የበላውን ድጓ አዲሱ መስቀያ ላይ በእጃቸው ሰቀሉት።

ነቀዙን ከመግደላችሁ በፊት እንጨቱን ማን እንደሚቧጥጠው ጠይቁ። እኔ ይህን ለመማር አንድ ድመትና የሰው ሦስት ቅጠል ብራና ፈጅቻለሁ።