የኔሊዳ ሽርጥ

ኔሊዳ በፓይሳንዱ ከተማ ብስኩት ፋብሪካችን ሃያ ስድስት ዓመት ስታሽግ ኖራለች። ኢርማ ምድጃው ጋ ትሠራ ነበር። የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ የማቴ ሻያቸውንም ከአንድ ቅል ይጠጡ ነበር። ሲቀጠሩ ኔሊዳ ቅጹ ላይ «የአክስት ልጅ» ብላ ሞላች፤ ያኔ ሌላ ቃል መጻፍ ከሥራ ያስባርር ነበር። ብስኩት ባረረ ቁጥር ከአሻጊዎቹ አንዷ፣ «ኔሊዳ፣ የአክስትሽ ልጅ ዛሬም ልቧ አንቺ ጋ ነው መሰለኝ» ትላለች። ኔሊዳ ሳቋን በክንዷ ትሸፍናለች።

እኛ ጋ ባል ወይም ሚስት ለሞተበት ሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጓደኞቹ ሽርጡን ማሽኑ ላይ ይሰቅሉለታል፤ እስኪመለስ ማሽኑን ማንም አይነካውም።

ኢርማ በክረምት ሞተች። ለአክስት ልጅ የሚፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ፣ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጸሐፊ፣ ነኝ። ኔሊዳ የመቃብሩን ጭቃ በጫማዋ ይዛ ተመለሰች፤ ሽርጧን አስራ እስከ ማታ አሸገች።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ፋብሪካው ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሠራተኞችን በማክበር ተሸለመ። ሥራ አስኪያጁ ኦሊቬራ ኔሊዳን ቢሮ አስጠርቶ ዋንጫውን እንድትቀበል ለመናት።

«ለምን እኔ?» አለችው።

«ዶኛ ኔሊዳ፣ የእርስዎንና የኢርማን ነገር ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ።»



«የቀበርኳት ቀንም ታውቁ ነበር?»

ኦሊቬራ ወደ እኔ አየ። እኔ ጠረጴዛዬን አየሁ።

«ታዲያ ሽርጤን ለምን አልሰቀላችሁልኝም?»

ዋንጫውን ሌላ ሰው ተቀበለ። እሷ የጠየቀችው ፋይሏ እንዲስተካከል ብቻ ነበር። «የአክስት ልጅ» የሚለውን ሰርዤ «ሚስት» ብዬ ጻፍኩ። ያልተሰጣትን የሦስት ቀን ፈቃድም ጻፍኩላት፤ ኦሊቬራ ሳያነበው ፈረመ። ሴቶቹ ሽርጧን ሰቀሉ። ከዚያ በኋላ በማሽኑ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኔሊዳን ፋብሪካው በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ገና ሁለት ቀን አለዎት» አልኳት።

«ይቅርብኝ፣ ልጄ። እቤት ማቴ የምቀዳለት ሰው የለም።»

ሽርጧን ራሷ አውርዳ አሰረችው።