እምቢታዋን ያመነ እጅ

የዚያን ዓመት ክረምት አሰላ ፀሐይ የሚባል ነገር ረስታ ነበር። የጭላሎ ተራራ ጉሙን እስከ እግሩ ተከናንቦ ሰነበተ። የታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ውሎ አድሮም እርጥብ ነው፤ ብርድ ልብሱ ሳይቀር ጭቃ ጭቃ ይሸታል። አዴ ሀሊሜ የታመሙት በዚያ ብርድ ነው። ማለዳ በደህና ተነስተው፣ ዶሮዎቹን ፈትተው፣ በረንዳው ላይ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው የሌላ ሰው ሆነባቸው።

ሲፈን የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ትምህርቷም ስለ ሮቦት ነው። ብረት የሚበይደውን የፋብሪካውን ዓይነት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን፣ ውሃ የሚያቀብለውን፣ እያየ የሚማረውን ነው። ሰፈሩ ይስቅባት ነበር። "ቤት የሚጠርግ ሰው ጠፍቶ ነው?" ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። እናቷ ከወደቁ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ።

ታላቅ ወንድሟ ጉቱ ከሮቤ መጣ። እህል ነጋዴ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሚስቱም ቤት ትውላለች።

"አዮን እወስዳታለሁ" አለ ስለ እናታቸው። "አንቺ ስታስተምሪ ማን ያያታል?"

አዴ ሀሊሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ግድግዳ ከሟች ባላቸው ጋር ጭቃውን ረግጠው፣ መርገው ያቆሙት ራሳቸው ናቸው። "እዚሁ ልሙት" አሉ።

"እስከ ጥር ተዋት" አለች ሲፈን። "እኔ በሌለሁ ጊዜ የሚያያትን አዘጋጃለሁ። ካልሆነልኝ ውሰዳት።"

"ብረት ነው የሚያያት?"

"የማስተምረው እኔ ነኝ።"

ጉቱ ለእህቱ እልኸኝነት አዲስ አይደለም። እሺ ብሎ ሄደ።

ያ ብረት አንድ ረጅም እጅ ነው፤ ከሥሩ ጎማ፣ ከላዩ ዓይኑ የሆነች ካሜራ። ሲፈንና ተማሪዎቿ ጆጉን፣ ኩባያውን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የአልጋውን ጠርዝ አንድ በአንድ አስተማሩት። እሷን እንቅልፍ የሚነሳት የመብራት መጥፋት ነበር፤ ለዚያም ባትሪ አበጀችለት። ከደሴ ተመድቦ የመጣው የቢሮ ጓደኛዋ ነህምያ አንድ ቀን ጠየቃት።

"እናትሽ እምቢ ቢሉትስ?"

"እሺ ብሎ ይመለሳላ! ሰውን የሚያስገድድ ማሽን ቤት አይገባም። ለተማሪዎቼም የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይኸው ነው።"

ነህምያም ልክ ነሽ አላት። ልክም ነበረች።

እጁ ቤት የገባ ዕለት አዴ ሀሊሜ ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "ቢስሚላሂ! ይሄ ደግሞ ወገቡ የት ነው?" እያደር ግን ለመዱት። "እንግዳው መጣ" ይሉታል።

"አዮ፣ ሚስት አትፈልጊለትም?" ትላለች ሲፈን።

"ደመወዝ የሌለውን ማን ያገባዋል!"

እጁ ኩባያውን ይዞ ይቀርብና፣ አንዱ ተማሪ ባዋሰው ድምፅ "እማማ፣ ውሃ ልስጥዎ?" ይላል። "አልሐምዱሊላህ፣ ይብቃኝ ልጄ" ይላሉ። ሲፈን ከጓዳ "ጠጪ እንጂ አዮ፣ አፈር ስሆን!" ትላለች። እሳቸውም "እንግዲህ ካላችሁ" ብለው ደህናውን እጃቸውን ይዘረጋሉ። በሞከሩት ቁጥር እንዲሁ ነበር፤ በሞከሩት ቁጥርም ሲፈን ሠራልን ብላ ደስ ይላታል።

ጥር ገባ። ሲፈን ሥራዋን ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች የምታሳይበት ቀን ደረሰ። ጎረቤቷ ፈይሩዛ፣ ሌላ ጊዜ ወጣ ገባ እያለች አዴ ሀሊሜን የምታየው፣ የዚያን ዕለት ሲሬ ከተማ ለቅሶ ነበረባት።

"ልቅር እንዴ ሲፉ?"

"ኧረ ሂጂ! ዛሬ ጠባቂ አላት።"

አዳራሹ ውስጥ ከቤት የተቀረጸው ፊልም ታየ። እጁ ኩባያውን ሲያቀርብ፣ አዴ ሀሊሜ ይብቃኝ ሲሉ፣ የሲፈን ድምፅ ከጓዳ "አፈር ስሆን!" ሲል። እንግዶቹ ሳቁ። አዴ ሀሊሜ ሲጠጡ አጨበጨቡ። ሲፈንም አብራ ሳቀች። አንድ ሰው እንኳ የዚያን ድምፅ ነገር አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ እናቷ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ኩባያው እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጁ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ የወደቀ ሰው ማንሳት አልተማረም።

"አዮ! ውሃው እኮ ይኸው ነው፣ ለምን አልጠጣሽም?"

"ጠየቀኝ" አሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። "ይብቃኝ አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። መለስ ብሎ ይለምነኛል ብዬ ጠበቅሁት። በአንድ ቃል እጁን የሚዘረጋ ሰው አለ እንዴ ልጄ? ጥሙ ሲጠናብኝ ልነሳ ብዬ ነው።"

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

ጉቱ መጥቶ ነገሩን ሁሉ ሰማ። ይቆጣል ስትል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"ሲፈን፣ አንቺስ በሰው ቤት በአንድ ልመና ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?" አላት ብቻ።

አዴ ሀሊሜን ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ሮቤ ወሰዳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ሲያስተኟቸው የልጃቸውን ጉንጭ ዳበሱ። "አታልቅሺ። እሱ ምን ያውቃል፣ ብረት ነው" አሏት። ቤቴን አሳዩኝ አላሉም። እሷም ልትሰናበቺው ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችም።

ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመለሰች። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ሙቢና የምትባል፣ ልትረዳት ብላ "ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ እናድርገዋ" አለች።

"እምቢ ሲል እውነቱን የሆነውንስ ሰው?" አለች ሲፈን። "እሱንም ሦስት ጊዜ ይነዝንዘው? እናቴን ከሱ በምን ይለያታል?"

ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ትምህርቱም በዚያው ተቋረጠ።

አዴ ሀሊሜ የበልጉን ዝናብ ሳያዩ ሮቤ አረፉ። ሲፈን ለቀብር ሄዳ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። እጁን አሁን ነህምያ ያስተምርበታል። ጭቃ ቤቱን አንዲት ነርስ ተከራይታዋለች።

ባለፈው መስከረም ፈይሩዛ ሮቤ ደርሳ ሲፈንን አግኝታታለች። ጉቱ ግቢ፣ እናቷ ባረፉባት ክፍል ትኖራለች፤ ቀን ቀን የወንድሟ የእህል መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ ትውላለች።