ጉልቱ ያለቀበት ድንጋይ

እናቴ ሜልበርን ከመጣች ጀምሮ ያለ እኔ የትም አትሄድም ነበር። ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ፣ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሟ ከአገር ቤት ደውሎ «እታለም፣ ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልቀረም» ሲላት ግን ሶፋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ የወሰን ነበር። መሬት ለኪዎች ሊመዘግቡ መጥተዋል። የጎረቤት መንደር ሰዎች ድንበሩ ወንዙ ነው ይላሉ። አጎቴ ከወንዙ ማዶ የወሰን ድንጋይ እንዳለ ሰምቷል እንጂ አይቶት አያውቅም። ድንጋዩ በጥንት ነገሥታት ዘመን የአንድ መኮንን ጉልት የሚያልቅበትን ለማሳየት የተተከለ ነው ይባላል። ጉልቱ ከቀረም በኋላ ሁለቱ መንደሮች ሲካለሉበት ኖረው፣ አጎቴ ገና ሕፃን ሳለ ጎርፍ ደለል አልብሶት ተረሳ። እናቴ ግን አባቷ በየዓመቱ ዙሪያውን ሲመነጥር አብራው ትሄድ ነበር።

ለኪዎቹ ወሰኑን ሊያዩ በቀጠሩበት ቀን ዌሪቢ መጋዘን ያለኝን ሺፍት ቀይሬ አስኮት ቬል እሷ ቤት ሄድኩ። እዚያ ጠዋት፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ነበር። በቪዲዮ ስንደውል አጎቴ፣ ለኪዎቹና የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ወንዙን ተሻግረው ቆመዋል። እናቴ ወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ አለት ተነሥተው ወደ ፀሐይ መውጫ ሃያ እርምጃ እንዲቆጥሩ ነገረቻቸው። ቆጥረው ቆፈሩ። ምንም የለም። ከጎረቤት መንደር አንድ ሽማግሌ፣ ዘመኑ ርቋልና ረስተው ይሆናል አሉ። እኔም ፈራሁ።

«የቆጠርኩት በአባቴ እርምጃ ነው» አለች እናቴ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «እሱ ረጅም ሰው ነበር። ስድስት ጨምሩ።»

ብዙም ሳይቆፍሩ ዶማው ድንጋይ መታ። አፈሩን ሲጠርጉት መስቀል ተቀርጾበታል። ሽማግሌው አሁንም ጎርፍ አንከባሎት ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። እናቴ በጎኑ በኩል ወደ ታች እንዲቆፍሩ አዘዘች፤ የጥንት ሰዎች ወሰን ሲተክሉ ከሥሩ ከሰል ይቀብሩ ነበር፣ ከሰል አይበሰብስም አለች። አጎቴ እጁን ከትቶ ጥቁር እፍኝ አወጣ።

ሽማግሌው ከሰሉን በጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ወሰናችን ይኸው ነው» አሉ።

ለኪው መሣሪያውን ድንጋዩ ላይ ሲያቆም ሊያዩ የመጡት የመንደራችን ሴቶች እልልታ በስልኩ የእናቴን ቤት ሞላው። እናቴም እንባዋን እየጠረገች አብራ እልል አለች።

ወሬው በሳምንቱ ከሜልበርን ወዲያ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ ያሉ አበሾች ዘንድ ደረሰ። አንድ ጋሼ ደውለው የእነሱን መንደር ወሰን ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አታውቀውም፤ ቢሆንም ምን መፈለግ እንዳለባቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻቸው።