በፕላኑ ላይ የቆምኩበት ቦታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ጾም መግደፌን፣ መጠጣቴን፣ ሰው መሳደቤን ሁሉ ስናዘዝ ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እንግዲህ የማላውቅህ አንባቢ፣ አንተ ስማኝ። እኔ ጅማ ከተማ የትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ። አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት ሞታለች፤ ጥፋቱን በንጹህ ሰው ላይ ጭኜ አሳስሬዋለሁ። ስለ ሞቷ ምናልባት «አላሰብኩትም» ልል እችል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን በደንብ አስቤ፣ በማስመሪያ አስምሬ ነው ያደረግኩት።

ሰውየው ከማል ይባላል። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ በከተማው ውስጥ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ምን በደለኝ? ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ አንድ የገበያ ቀን ዶፍ ሲወርድ፣ እኔ አደባባዩን ጥዬ ሻይ ቤት ተጠለልኩ። መኪናው፣ ጋሪው፣ ከደዶ ገጠር እህል ጭኖ የመጣው አህያ ሁሉ ተቆላለፈ። ከማል ከመኪናው ወርዶ፣ ያ ሁሉ ውሃ እየወረደበት፣ በባዶ እጁ አንዱን እያቆመ ሌላውን እያሳለፈ መንገዱን ከፈተው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና አንዲት ነጋዴ አይታኝ፣ «ሳጅን፣ ስኳር ይጨመርልዎ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሮቹ «ሳጅን ከማል» ይሉት ጀመር። እሱ ግን እኔን ባየ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ።

ክስ የምጽፍበት ጥፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ትርፍ ሰው አይጭንም። መብራቱ ይሠራል። መንጃ ፈቃዱ ንጹህ ነው። ንጹህ ሰው ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚያውቀው ቂም የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ቦሳ ኪቶ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ቁልቁለት ነበረች። ከየመንደሩ የሚወጣው መኪና ቀዩን አፈር በጎማው እያመጣ አስፋልቷ ላይ ያራግፋል። በደረቁ አቧራ ነው፤ ዶፍ ሲጥል ታጥቦ ይሄዳል። ክፉው ካፊያ ነው። ከብዙ ደረቅ ቀን በኋላ የሚመጣ የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውን ከመኪና ዘይት ጋር አቡክቶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለአዲስ ፖሊሶች «በካፊያ ጊዜ ቁልቁለት ላይ መኪና እንዳታስቆሙ» ብዬ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። እኔ!

ያን ጠዋት ካፊያ ነበር። እኔም ከቁልቁለቷ ግርጌ፣ ከአንድ የቆመ የጭነት መኪና ኋላ ተሸሽጌ ከማልን ጠበቅኩት። መጣ። ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ልድገመው፤ ቀስ ብሎ ነበር። አጠገቤ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ፊሽካዬን እየነፋሁ፣ እጄን ዘርግቼ ዘልዬ ፊቱ ገባሁ። ምን ፈልጌ? እንዲንሸራተት ፈልጌ ነዋ! ቦይ ውስጥ እንዲገባ፣ ተሳፋሪው እንዲስቅበት፣ እኔም ከት ብዬ እየሳቅሁ ክሱን እንድጽፍለት።

ፍሬን የያዘው እኔን ላለመግጨት ነው። መኪናው ዞረና በጎኑ ተንሸራቶ ወደ መንገዱ ዳር ሄደ። እዚያ አንዲት ሴት ላስቲክ ተከናንባ፣ ጎመን ተሸክማ ወደ ገበያ ትሄድ ነበር። ዘሀራ ትባላለች፤ ጅሬን ዳገት ላይ የሚኖሩት የአናጢው የአባ ረውዳ ሚስት። መኪናው ገጫት፤ እዚያው ሞተች።

ከማል ወርዶ ጭንቅላቷን ታቅፎ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሳጅን፣ ከየት መጡብኝ?»

«ከየት መጣሁ? ከሩቅ ጀምሬ እጄን ሳውለበልብልህ አልነበረም እንዴ! በዚህ ዝናብ እንዲህ ይበረራል?» ብዬ ጮህኩበት።

እኔን አየ፤ እሷን አየ። አመነኝ። በእጁ ሰው የሞተበት ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል። የመኪናው መስታወት በትንፋሽ ጉም ለብሶ ስለነበር ከተሳፋሪዎቹ አንድም ያየኝ የለም። የጭነት መኪናው ሾፌርም ግርግሩን ሲያይ አስነስቶ ሄደ።

የአደጋውን ፕላን ያነሳሁት እኔው ነኝ። መንገዱን፣ ሚኒባሱን፣ የፍሬኑን ምልክት፣ አስከሬኑን ሣልኩ። ራሴን ግን ከነበርኩበት አንስቼ አርባ እርምጃ ወዲያ፣ ከሩቅ የሚታይ ገላጣ ቦታ ላይ አቆምኩት። አንዲት ነጥብ ናት። ከጎኗ «የትራፊክ ፖሊሱ የቆመበት» ብዬ ጻፍኩ። ዘሀራ በተከናነበችው ላስቲክ ተሸፍና መሬት ላይ ተጋድማ ሳለ፣ እኔ ወረቀቱ እንዳይረጥብብኝ እጨነቅ ነበር።

ፍርድ ቤት ዳኛው ከማልን፣ «ሳጅኑ እዚህ ቦታ ቆመው አላየሃቸውም?» ብለው ጠየቁት። ዝናቡ ነው ቢል፣ ዘለለብኝ ቢል፣ ቢሰድበኝ እንኳ ምናለ! የመለሰው ግን ይህን ነው፦ «ጌታዬ፣ እኔ አላየሁም። ግን ሳጅን ነበርኩ ካሉ ነበሩ። ወላሂ፣ የሕግ ሰው በሬሳ ፊት አይዋሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ የለከክሁትን እከክ ሰውየው ራሱ ተቀብሎ አከከው። አራት ዓመት ተፈረደበት። እኔ ያን ምሽት ሥጋ በልቼ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ! በእኛ አገር የፍርድ ቤት ፍርድ አይበቃም። እጁ ላይ ደም ያለበት ሰው ከሟች ወገን ጋር መታረቅ አለበት፤ ኦሮሞው ጉማ ይለዋል። ከማል ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ለእርቁ እኔንም ጠሩኝ። አባ ረውዳ ደጅ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ከማል መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። ከስቷል፤ ፂሙ ሸብቷል። አባ ረውዳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳጅን፣ እርስዎ ነበሩ። እስቲ ልቤ ይረፍ፤ ዘሀራን የገደላት የዚህ ሰውዬ ፍጥነት ነው ወይስ ቀኗ ደርሶ ነው?»

የመናዘዣው በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እውነቱን መናገር ቢያቅተኝ፣ «ካፊያ ነበር፣ መንገዱ ያዳልጥ ነበር» ማለት እንኳ እችል ነበር፤ ግማሽ እውነት ለሁለቱም እረፍት ነበር። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ የለበስኩትን የደንብ ልብስ አየሁ።

«ፍጥነቱ ነው» አልኩ።

አባ ረውዳ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ብዙ ቆይተው፣ ከማልን በክንዱ ይዘው አነሱትና «አውፍ ብዬሃለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። እኔንም እውነት መስካሪ ብለው መረቁኝ። ለእርቁ የታረደውን ሥጋ ከሁሉም ጋር ቁጭ ብዬ በላሁ። እንዴት አላነቀኝም?

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ መግቢያ ሾፌሮች ሰብስቤ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ሳስተምር ምሳሌ የማደርገው ከማልን ነበር። ፕላኑን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ። ነጥቧንም እዚያው የውሸት ቦታዋ ላይ አደርጋታለሁ፤ ብዙ ከመሣሌ የተነሳ እጄ እውነተኛውን ቦታ ረስቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እያደር ጭቃ ሆነ።

ከማል ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በየዓመቱ ዘሀራ የሞተችበት ቀን ሲደርስ አባ ረውዳ ቤት ሄዶ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግላቸው ይውላል። ማንም አላዘዘውም። ዘንድሮ ዓይኑ ደከመና ጡረታ ወደወጣሁት ወደ እኔ መጣ። «ሳጅን፣ ዳገቱን እጄን ይዘው ያድርሱኝ። ከእርስዎ ሌላ ማንን አስቸግራለሁ?» አለኝ። እጁን ይዤ ጅሬን አደረስኩት።

አባ ረውዳ አርጅተዋል። ሁለታችንንም ስመው አስቀመጡን። ከማል ጉልበቴን በእጁ ዳበሰና፣ «አባ ረውዳ፣ እኚህ ሰው ባይኖሩ እኔ ጥፋቴን እክድ ነበር። ከውሸት ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው» አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

ዝናቡ አይደለም። መንገዱም አይደለም። እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳለ፣ አፌን ከፍቼ ያወጣሁት ቃል «አሜን» ነው።